ለቡድን መሪነት ልወዳደር ወይስ ልተወው?

ማስታወቂያው የተለጠፈው ሰኞ ጠዋት ነው። «የንብረት አስተዳደር ቡድን መሪ፣ ብዛት 1፣ ምዝገባ ለ5 ተከታታይ የሥራ ቀናት» ይላል። ቃሊቲ በሚገኘው የመሥሪያ ቤታችን መጋዘን በንብረት ሠራተኛነት 7 ዓመት አገልግያለሁ። የተጠየቀው ዲግሪና የ6 ዓመት ልምድ ነበር፤ ሁለቱንም አሟላለሁ። ያም ሆኖ አንብቤ እንደጨረስኩ ከባልደረቦቼ ጋር ያወራሁት ከመካከላችን ማን ቢመዘገብ እንደሚሻል ነበር። የራሴን ስም አላነሣሁም።

ሦስት ቀን እንዲሁ አለፈ። ማታ ማታ ወደ ቱሉ ዲምቱ በታክሲ ስመለስ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እያልኩ ራሴን አሳምን ነበር። ትሕትና መስሎኝ ነበር፤ በትሕትና የሸፈንኩት ፍርሃት መሆኑን ያየሁት ዘግይቼ ነው።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ሳምንታት ወደቀሯቸው ኃላፊያችን ሄድኩ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ያንኑ ተረት ነገርኳቸው። የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡና «የኔ ልጅ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ምን ስትማሪ ነበር?» አሉኝ። ቀጥለውም «ባለፈው ሰኔ ያቺን ወረቀት ማን አገኛት?» ሲሉ ጠየቁኝ።

የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ቆጠራ ላይ የሆነውን ነው የሚሉት። የፎቶ ኮፒ ወረቀት ቢን ካርዱ፣ ገቢና ወጪው የሚመዘገብበት ካርድ፣ 212 ደስጣ ይላል፤ መደርደሪያው ላይ ያለው 188 ነው። 24 ደስጣ ጎደለ። የቆጠራ ኮሚቴው አባላት ዐይን ቀስ በቀስ ዕቃ ወደሚያወርደው የቀን ሠራተኛ ዞረ። ልጁ ምንም አልተናገረም፤ መዳፉን ደጋግሞ ሱሪው ላይ ይጠርግ ነበር። የሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ደረሰኝ) ጥራዞችን ሰብስቤ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና ከሐምሌ ጀምሮ ቅጠል በቅጠል ከካርዱ ጋር አመሳከርኩ። መብራት ስለጠፋ የማነበው በስልኬ ብርሃን ነበር። ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ከሌላ ቅጠል ጋር ተጣብቆ የታለፈ አንድ ቅጂ አገኘሁ፤ 24 ደስጣ ወጪ፣ የተረካቢው ፊርማ ያለበት፣ ከካርዱ ላይ ግን ያልተቀነሰ።

ለእኔ ያ የአንድ ቀን ሥራ ነበር። ጋሼ ግን «የቡድን መሪ ሥራ ግማሹ ይኸው ነው፤ ሌላውን ግማሽ አጥኚው» አሉኝ።

የዚያን ዕለት ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ደብተር አወጣሁ። በአንድ ገጽ በሰነድ ላረጋግጠው የምችለውን፣ በሌላው የማላውቀውን፣ በሦስተኛው የምፈራውን ጻፍኩ። እስከዚያች ሌሊት ድረስ የማላውቀውና የምፈራው አንድ ነገር ይመስሉኝ ነበር። የማላውቀው ሁለት መስመር ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ የንብረት ማስወገድ ሥራና የቋሚ ንብረት መዝገብ። ሁለቱም መመሪያ አላቸው፤ ይነበባሉ። የምፈራው ግን ገጹን ሞላው። አብሬያቸው ምሳ የምበላቸውን ሰዎች «ለምን ዘገያችሁ?» ብዬ መጠየቅ፣ ወድቄ በየኮሪደሩ መነጋገሪያ መሆን፣ ባለቤቴ አምሽቼ በገባሁ ቁጥር ቅር ይለው ይሆን የሚል ሥጋት። የመጨረሻውን በማግስቱ ቁርስ ላይ ጠየቅሁት። «ልጆቹን እኔ ከትምህርት ቤት አመጣለሁ» አለኝ። ለአራት ቀን የተጨነቅሁበት ነገር በአንድ ጥያቄ አለቀ። ሌሎቹ ፍርሃቶች ዛሬም አሉ፤ ይዣቸው ነው ዓርብ ዕለት የተመዘገብኩት።

አንድ ባልደረባችን «ሴት ስለሆንሽ ያሳልፉሻል» ሲል ሰማሁ። ይህ አነጋገር ብዙ እኅቶቻችንን ከሰሌዳው ፊት መልሷል ብዬ አምናለሁ። በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ለሴቶች የድጋፍ እርምጃ የፈቀደው ከወንዶች ጋር በእኩልነት ተወዳዳሪ እንዲሆኑ ነው። ፈተናውን ተቀምጦ የሚሠራው ግን ተወዳዳሪው ራሱ ነው፤ እኔም ተቀምጬ ሠራሁ።

ቃለ መጠይቁ ላይ ስለ ንብረት ማስወገድ ተጠየቅሁ። በኮሚቴ ሠርቼ እንደማላውቅ ተናግሬ፣ ያነበብኩትን አስረዳሁ፦ ንብረቱ ተለይቶ ይመዘገባል፣ ዋጋው ይገመታል፣ ሲወሰን ለሌላ መሥሪያ ቤት ይዛወራል ወይም በጨረታ ይሸጣል፣ የማይጠቅመው ይቀበራል ወይም ይቃጠላል። አላፈርኩበትም። የጎዳኝ ሌላ ነው። ስለ ቆጠራው ስናገር «አጣራን፣ አገኘን» እያልኩ ቀጠልኩ። ከፈታኞቹ አንዷ «እርስዎስ ምን ሠሩ?» አሉኝ። «እኔ» የምትለው ቃል አልወጣ አለችኝ። የልጁ እጅ፣ የስልኩ ብርሃን፣ ወለሉ፣ ሁሉም ፊቴ ላይ እያለ በአጭሩ መልሼ ወጣሁ።

ሁለተኛ ወጣሁ፤ ተጠባባቂ። ያለፈችው ከሌላ ቅርንጫፍ የመጣች፣ በማስወገድ ኮሚቴ የሠራች ሴት ናት። ሁለት ቀን ከፋኝ። በሦስተኛው ቀን ሄጄ በሚቀጥለው የማስወገድ ኮሚቴ እንድታስገባኝ ጠየቅኋት፤ አስገባችኝ። ያረጁ ወንበሮችና የተሰባበሩ ማተሚያዎች ስንመዘግብ ወራት ቆየን።

ባለፈው ወር ሌላ ማስታወቂያ ወጣ፤ የቋሚ ንብረት ቡድን መሪ። የተለጠፈው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። ሰው ሀብት ክፍል ባለው የተመዝጋቢዎች ዝርዝር ላይ ተራ ቁጥር 1 የእኔ ስም ነው።