ታኅሣሥ 8 አልነበረም

የጀርመናዊውን የባሕር ኃይል መኮንን የሃንስ ላንግስዶርፍን ታሪክ ለአንድ መጽሔት ጽፌ ነበር። ማንበቡና መጻፉ አላስቸገረኝም። በሩገን ደሴት ተወለደ፤ በዱሰልዶርፍ የአድሚራል ማክሲሚሊያን ፎን ሽፔ ቤተሰብ ጎረቤቱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1912 ወላጆቹ ሳይወዱ ኪል ከሚገኘው የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ገባ። በኋላ ያዘዛት መርከብ በዚያው ጎረቤት ስም «አድሚራል ግራፍ ሽፔ» መባሏን ሳነብ ብቻዬን ፈገግ አልኩ። ማዕረጉን በተመለከተ፣ የባሕር ኃይል ካፒቴን ሲባል ሻምበል እንዳይመስላችሁ፤ የሚስተካከለው ከኮሎኔል ጋር ነው።

ጉዴ የፈላው ቀኖቹ ላይ ነው። አዘጋጁ «መመሪያችን ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ካልሆነ አላትምም» አለኝ። እኔም ሞኙ፣ ሁለቱ ቀኖች ጎን ለጎን የታተሙበትን የዘንድሮ የባንክ ካላንደር ከግድግዳ አውርጄ በጣቴ እየተከተልኩ ገለበጥኩ። ላንግስዶርፍ ከሦስት የእንግሊዝ የጦር መርከቦች፣ ከኤክሰተር፣ ከኤጃክስና ከአኪሊስ ጋር የተዋጋበት ዲሴምበር 13 ቀን 1939 «ታኅሣሥ 4» ሆነ። በኡራጓይ ሞንቴቪዴዮ ወደብ 72 ሰዓት ብቻ ተፈቅዶለት መርከቧን በገዛ እጁ ያሰመጠበት 17 «ታኅሣሥ 8» ሆነ። ቦነስ አይረስ ውስጥ ራሱን ያጠፋበትን 20 «ታኅሣሥ 11» አልኩት። ሁሉም እኩል ስለተንሸራተቱ እርስ በርስ አልተጣሉም፤ እኔም አልነቃሁም።

መጽሔቱ በወጣ በሳምንቱ አንድ መሪጌታ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ 1931 ዘመነ ሉቃስ አይደለም እንዴ? ጳጉሜን ስድስት ሆና 1932 የገባው እንደ ወትሮው በሴፕቴምበር 11 ሳይሆን በ12 ነው።» ወረቀት ይዤ ብቆጥር እውነታቸውን ነው፤ ውጊያው ታኅሣሥ 3፣ የመርከቧ መስመጥ 7፣ ሞቱ 10 ነበር። «ልደቱንስ ምን አልከው?» አሉ። ማርች 20 ቀን 1894ን «መጋቢት 11 ቀን 1886» ብዬ ነበር። ፈረንጆች 1900 ላይ ፌብሩዋሪን 28 ላይ ስላቆሙ ከዚያ በፊት ያለው ልዩነት በአንድ ቀን ያንሳል፤ ትክክሉ መጋቢት 12 ነው። አንዱ ስሕተት ወደ ኋላ፣ ሌላው ወደ ፊት ይታረማል። ፎን ሽፔ ከሁለት ወንዶች ልጆቹ ጋር ፎክላንድ ላይ ያለቀበት ኅዳር 29 ቀን 1907 ብቻ በዕድል ትክክል ወጥቶልኛል።

መመሪያው ያለውን ይበል፤ የውጭ ሰው ታሪክ ስትጽፉ ቀኑን «እ.ኤ.አ.» ብላችሁ እንዳለ ተዉት። አዘጋጁ ካልተለወጠ ብሎ ከተሟገተም የእኛን ከጎኑ ጨምሩ እንጂ የመጀመሪያውን አታጥፉ። ባሕረ ሐሳብ፣ የዘመን አቆጣጠራችንን ስሌት፣ የሚያውቅ ሰው ካላችሁ ደግሞ ከማተሚያ ቤት በፊት እሱ ጋ ሂዱ።

ማረሚያ እንዲወጣልኝ ሁለት ጊዜ ጠየቅሁ። አዘጋጁ «አንድ ቀን ምን ያመጣል?» አለኝ፤ ያውም በሰዓት ተቆጥሮ ስለተሰጠው ሰው! በእጄ የቀሩትን አሥራ አንድ ቅጂዎች በእርሳስ አርሜያለሁ።