የክትባት ማስረጃው አንድ ሴሚስተር ወሰደብኝ

በጤና ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ስማር አናቶሚውን፣ ፊዚዮሎጂውን፣ ማይክሮባዮሎጂውንና ስታቲስቲክሱን እንደማንኛውም ተማሪ በየተራው ወስጄ አለፍኩ፤ ስለ ትምህርቱ የሚመክር ሰውም አላጣሁም። ማንም አስቀድሞ ያልነገረኝና ከሆስፒታል ልምምድ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ያስቀረኝ፣ ጉበትን የሚያጠቃውን ቫይረስ የሚከላከለው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ነው።

የልምምድ ጽሕፈት ቤቱ ማስታወቂያ የሚለው «ልምምድ ከመጀመሩ በፊት የክትባት ማስረጃ አቅርቡ» ብቻ ነበር። በተለመደው አሰጣጥ ግን ክትባቱ ሦስት ዙር አለው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው 1 ወር በኋላ፣ ሦስተኛው በ6ኛው ወር ይሰጣል፤ ሰውነት መከላከያ ማበጀቱን ለማወቅም ከመጨረሻው ዙር 1 ወይም 2 ወር ቆይቶ ደም ይመረመራል። ማስታወቂያው በወጣበት ዕለት የተከተበ ተማሪ እንኳ አይደርስም ነበር። ይህንኑ ለአስተባባሪዋ ባስረዳቸውም «መመሪያው ይኸው ነው» ብለው ፋይሌን መለሱልኝ። ወራት ጠብቄ የምርመራውን ውጤት ሳቀርብ ደግሞ፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «ፖዘቲቭ» (መከላከያው ተገኝቷል) የሚል ቃል ብቻ ስለሆነ አይበቃም ተባልኩ፤ የፈለጉት በደሜ ያለው የመከላከያ መጠን በሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ኢንተርናሽናል ዩኒትና ከዚያ በላይ መሆኑን የሚያሳይ ቁጥር ነበር። ይህ ቁጥር በማስታወቂያው ላይ የትም አልነበረም፤ እስከ ዛሬም ያበሳጨኛል።

ቫይረሱ የታማሚ ደም በነካው መርፌ በስሕተት በመወጋት ስለሚተላለፍ ማስረጃ መጠየቁን ከልቤ እደግፋለሁ። የምቃወመው ስምንት ወር ሊፈጅ የሚችለውን ነገር በጥቂት ሳምንታት ማስታወቂያ መጠየቅን ነው። ስለዚህ የምደባ ደብዳቤ ሳትጠብቁ ትምህርት በጀመራችሁበት ሳምንት ተከተቡ፤ ውጤቱም በቁጥር እንዲጻፍላችሁ አጥብቃችሁ ጠይቁ።

ሌላው ክንድ ላይ በመርፌ ተወግቶ የሚደረገው የቲቢ የቆዳ ምርመራ ነው፤ የሚነበበው ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ክሊኒኩ ቅዳሜና እሑድ የሚዘጋ ከሆነ ሐሙስ አትወጉ። የሚለካው መቅላቱ ሳይሆን በጣት ሲዳሰስ የሚጠጥረው እብጠት ነው፤ ባለሙያው ክንዳችሁን ሳይዳስስና በማስመሪያ ሳይለካ በዓይኑ ብቻ አይቶ ቢጽፍላችሁ እንዲለካ ጠይቁ።

የልምምድ መዝገቡን በተመለከተ፣ መመሪያው በልምምዱ ማብቂያ ይፈረም ቢልም እኔ ከዎርድ ሳልወጣ በየቀኑ አስፈርም ነበር፤ ተቆጣጣሪዎች ተረኝነታቸው ይቀያየራል፣ ያልተፈረመበትን ሰዓት ደግሞ ማንም አይቆጥርላችሁም።