የአጎቴ ማሲንቆ አልተሳሳተም

«እዚያ ፈረንጆቹ በአንድ ምሽት ስንት ይሸልሙሃል? ግንባርህ ላይ ዩሮ ይለጥፋሉ?»

ይህን የጠየቀኝ ባሕር ዳር ያለ የድሮ ጓደኛዬ ነው። ከምኖርበት ከጀርመን ለእረፍት መጥቼ ጣና ዳር ዋርካው ሥር ተሰባስበናል። የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ ቀርቧል። ሁላችንም ሙዚቀኞች ነን። ስንገናኝ ልማዳችን ስልክ እየተቀባበሉ የሚወዱትን ቅጂ ማስደመጥ ነው። ማስደመጥ ብቻ አይደለም፣ ታሪኩንም መናገር ግዴታ ነው።

ሳክስፎን የሚነፋው ልጅ ጌታቸው መኩሪያን ከፈተ። ጌታቸው ሽለላን በሳክስፎን የተጫወተ ሰው ነው። የጓደኛዬ አባት ያንን ሙዚቃ በሬዲዮ ሲሰሙ ዱላቸውን ይዘው ብድግ ይሉ ነበር። ክራር ተጫዋቿ አስናቀች ወርቁን መረጠች። የሰማቻት አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ፣ ሾፌሩ ዓባይ በረሃን መውረድ ሲጀምር ካሴቱን ገልብጦት። «ገደሉን ማየት ተውኩ፤ ጣቶቿን ነበር የማስበው» አለችን። ቤዝ የሚመታው ደግሞ እጅጋየሁ ሽባባውን (ጂጂን) አስደመጠን። የቻግኒ ልጅ ናት፣ የኛው ናት። እንደ ፈረንጆቹ በ2001 በወጣው አልበሟ እነ ኸርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተር፣ የአሜሪካ ጃዝ ታላላቆች፣ አጅበዋታል። ይህን ስንሰማ ዛሬም ደረታችን ይነፋል።

ተራው እኔ ጋ ሲደርስ ግን ስለ ሽልማቱ የተጠየቅኩትን መመለስ ነበረብኝ። አይለጥፉም ወንድሜ። ጀርመን ውስጥ ግንባር ላይ ብር የሚለጥፍልህ የሀገርህ ልጅ ነው፤ እሱም ሠርግ ላይ። ፈረንጅ ትኬቱን ይቆርጣል፣ ይቀመጣል፣ ቅዳሴ ላይ እንዳለ ሰው ዝም ይላል። እኛ ጋ ሙዚቃ ሲሞቅ ማን ዝም ይላል? «ተቀበል!» የሚል ከሌለ አዝማሪ ለማን ይጫወታል? መጀመሪያ ሰሞን ዝምታቸውን ስሰማ የተቀየሙኝ መስሎኝ ነበር። እንዲህ ነው የሚያከብሩት፤ ቆይቶ ገባኝ። የኛ ሰው ደግሞ ዘፈኑ ሳያልቅ ስለ ቤት ኪራይ ያወራል። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ቢበዳደሩ ደስ ይለኛል።

ያልገባኝና እስካሁን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው።

እዚያም ሙዚቀኞች ቅጂ ይዘው የሚገናኙበት ምሽት አለ። ተጋብዤ ሄድኩ። ፈረንጆቹ ስለ ሙዚቃችን ያላቸው ዕውቀት አስደንቆኛል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያሰባሰበውን «ኢትዮፒክስ» የተባለ የሲዲ ስብስብ በቁጥር ነው የሚጠሩት። 4 ሲሉ ሙላቱ አስታጥቄ፣ 11 ሲሉ የዓለሙ አጋ በገና፣ 16 ሲሉ አስናቀች ማለታቸው ነው። እኛ ዘፋኙን በስሙ፣ እነሱ በቁጥሩ።

እኔ ይዤ የሄድኩት ቁጥር የሌለውን ነው። አጎቴ በዘጌ በኩል ሠርግ ላይ ሲጫወት በካሴት የተቀዳ። ማሲንቆ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ አሁን በሕይወት የለም። ቅጂው ውስጥ ዳሱ አለ። ውሻ ይጮሃል። እልልታው ማይኩን ይሰነጥቀዋል። መሃል ላይ አጎቴ ያቆምና መቃኛውን ጠምዘዝ ያደርጋል፤ ሴቶቹ ዘፈኑን ሳይጥሉ ይዘው ይጠብቁታል። ከዚያ ጭራውን ሲስበው አንቺሆዬ የምትባለው ቅኝት ትመጣለች። እኔን ማሲንቆ ያስያዘኝ እሷ ቦታ ናት።

አንድ ደቂቃ አልሞላም፣ የድምፅ ባለሙያው እጁን አነሳ። «ቆንጆ ነው፣ ግን ቅኝቱ ተዛብቷል። ላስተካክልልህ» አለ። ላፕቶፑን ከፈተ። ሁሉም እያዩ እያንዳንዱን ድምፅ እየጎተተ ፒያኖው ቁልፍ ላይ አስቀመጠው። ውሻውን አጠፋ። እልልታውን ቀነሰ። ከዚያ በትልቁ ስፒከር ለቀቀውና ሰው አጨበጨበ።

አጎቴን አላወቅሁትም። የሞተ ሰው ፊቴ ላይ ታረመ። አንቺሆዬ ከፒያኖ ቁልፎች መሃል የሚውሉ ድምፆች አሏት። ያ ስህተት አይደለም፣ ቅኝቱ ራሱ ነው። ቁልፉ ላይ ካስቀመጥካት አንቺሆዬ መሆኗ ይቀራል። ሌሎቹ ቅኝቶቻችን፣ ትዝታ፣ ባቲና አምባሰል፣ በፒያኖ ሲሞከሩ ያን ያህል አይሰቃዩም። አንቺሆዬ ግን ትሞታለች። ይህንን በደህናው ጀርመንኛዬ ተናገርኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ያኔ ከሶርያ የመጣ፣ ዑድ የተባለውን የዓረብ ባለ ክር መሣሪያ የሚጫወት ሰው ተነሳ። ምንም ሳይናገር ዑዱን አንስቶ ከሁለት ቁልፎች መሃል ያለ ድምፅ መታ፣ ደግሞ መታ። የነሱም ሙዚቃ እንደዚያ ነውና ከኔ በፊት ይህን ውርደት የቀመሰው ይመስለኛል። ባለሙያው ግን «ለዚህ ሀገር አድማጭ እንደዚህ ይሻላል» ብሎ ላፕቶፑን ዘጋ።

ይህን ስጨርስ ዋርካው ሥር ማንም አልተናገረም። ከዚያ የአጎቴን ቅጂ ከነውሻው እስከ መጨረሻው ሰማነው። ቤዝ መቺው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ወረወረለት፤ ለካሴት!

ማሲንቆ ይዛችሁ ለመውጣት የምታስቡ ልጆች፣ የምለውን ስሙኝ። ሙዚቃ ብቻውን ኪራይ አይከፍልም፤ እኔ ቀን ቀን መጋዘን ውስጥ ዕቃ እጭናለሁ። ክረምቱን ማሞቂያው ቆዳውን ስለሚያደርቀው ማሲንቆውን ከማሞቂያ አርቁ። «ና ተጫወት፣ ሂሳቡን በኋላ» የሚላችሁን፣ የሀገር ልጅም ቢሆን፣ በጽሑፍ ተዋዋሉ።

ከሁሉም በፊት ግን ሳትወጡ አስተማሪያችሁን ቅዱ። ስልካችሁ ይበቃል። መጀመሪያ ስሙን፣ ቦታውንና ቅኝቱን በራሱ አንደበት ያስተዋውቅ። ከዚያ የቅኝቱን ድምፆች አንድ በአንድ ያሰማ፣ ዘፈኑ ከዚያ ይከተል። እንዲህ ከሆነ «ተዛብቷል» ለሚል ሰው መልሱ ቅጂው ላይ አለ። አንዱን ግልባጭ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሌላውን ቤተሰብ ጋ ተዉት። አጎቴ የአንቺሆዬን ድምፆች ለየብቻ ያሰማበት ቅጂ የለኝም። የዘጌ ሠርግ ላይ የነበራችሁና ካሴት ያስቀመጣችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ አሰሙኝ።