ሳይንስ ፓርክ መግባት ባዮቴክን ከመዘጋት ያድናል?

እዚህ እንግሊዝ፣ ካምብሪጅ፣ ባዮቴክ (በባዮሎጂ ምርምር መድሃኒትና የመሳሰለውን የሚሰራ ካምፓኒ) ውስጥ እንደምሰራ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይሄንን ነው። ሳይንስ ፓርክ ማለት እንዲህ ያሉ ካምፓኒዎች ላብና ቢሮ ተከራይተው ጎን ለጎን የሚሰሩበት ግቢ ነው። እኔ ብቻውን አያድንም ባይ ነኝ። የተዘጋጀ ላብ ማግኘቱ፣ ዩኒቨርስቲው ቅርብ መሆኑ ይጠቅማል፣ ግን ኪራዩ ደሞ አይጣል ነው! አንድ መድሃኒት ከላብ ተነስቶ ፋርማሲ እስኪደርስ አስር አመትም ከዛ በላይም ይፈጃል፣ ኢንቨስተሩ ግን የሚሰጥህ የአንድ ሁለት አመት ቀለብ ነው፣ ስለዚህ ብዙው የሚዘጋው ሳይንሱ ውሸት ሆኖ ሳይሆን እውነት ይሁን ውሸት ሳይታወቅ ብሩ ስለሚያልቅ ነው።

ከኛ ኮሪደር ማዶ የነበሩት ልጆች እንደዛ ነው የሆኑት። ቀጣዩ ዙር ገንዘብ ዛሬ ነገ ይገባል ሲባል ቀረ፣ አንድ ቀን ጠዋት ስንገባ የፒፔት ቲፕ ካርቶንና የጓንት ፓኬት በራቸው ላይ ተደርድሮ "ውሰዱ" የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ሴንትሪፊውጅ የሚባለውን የላብ ማሽናቸውን ጎረቤት ገዛው፣ ሁለቱ ሳይንቲስቶች ደሞ እዛው ህንፃ ላይ ሌላ ካምፓኒ ገቡ። ለኔ የፓርክ ዋናው ጥቅም ይሄ ነው፣ ካምፓኒው ቢዘጋም ባለሙያው ሰፈር አይለቅም።

ቶሎ የሚሸጥ ነገር ያለው ግን ሌላ ነው። አብካም የሚባለው የካምብሪጅ ካምፓኒ በ1998 (አመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ተመስርቶ አንቲቦዲ፣ ማለትም ላብ ውስጥ አንድን ፕሮቲን ለይቶ ለማግኘት የሚጠቅም ፕሮቲን፣ በኢንተርኔት ለተመራማሪ ሲሸጥ ከርሞ በ2023 የአሜሪካው ዳናኸር በ5.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው።

ደሞ አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ፣ ስንቱ ተረፈ ብሎ የሚቆጥረው ሰው የተሸጠውን ከሞተው ጋር ይደምረዋል። ዲኤንኤ የማንበቢያ ዘዴ የሰራውን ሶሌክሳን የመሰረቱት ባላሱብራማኒያንና ክሌነርማን የካምብሪጅ ኬሚስቶች ናቸው፣ ቼስተርፎርድ ሪሰርች ፓርክ ገብቶ ሲሰራ ቆይቶ በ2007 የአሜሪካው ኢሉሚና በ600 ሚሊዮን ዶላር ወሰደው፣ ዛሬ አለም ላይ ዲኤንኤ የሚነበበው በአብዛኛው በዛ ዘዴ ነው። ካምብሪጅ አንቲቦዲ ቴክኖሎጂም እንደዛው፣ ሁሚራ የሚባለውን የመገጣጠሚያ በሽታ መድሃኒት ያወጣው የነሱ ቴክኖሎጂ ነው፣ በሮያሊቲው (ከሽያጩ በሚደርሳቸው ድርሻ) መድሃኒቱን ይሸጥ ከነበረው ከአቦት ጋር ፍርድ ቤት ድረስ ሄደዋል፣ በ2006 አስትራዜኔካ በ702 ሚሊዮን ፓውንድ ጠቀለላቸው። አሁን ስማቸው የካምፓኒዎች ዝርዝር ላይ የለም ተብሎ ጠፉ ይባላሉ? በር ላይ ስሙ ተለጥፎ አንድ ሰራተኛ የቀረው ደሞ "በህይወት ያለ" ተብሎ ይቆጠራል፣ ወይ ጉድ።

እኔ ኢንተርቪው ስገባ የትኛው ፓርክ ናችሁ አልልም፣ ስንት ወር የሚያቆይ ብር አላችሁ ነው የምለው፣ እስካሁን የተቆጣኝ የለም።