ሁለት ሽንሸና፣ አንድ አጥር

በጎጃም በፍጥነት እየሰፉ ከመጡ ከተሞች በአንዱ በቀያሽነት ስሠራ፣ የአንድ ማስፋፊያ ሰፈር ነዋሪዎች የመንገድ አቤቱታ አቅርበው እንድለካ ተላክሁ። ቦታው ቀድሞ የጤፍ ማሳ የነበረ ሲሆን፣ በተለያየ ጊዜ ተሸንሽኖ ለመኖሪያ ቤት ሠሪ ማኅበራት ተሰጥቷል። የመጀመሪያው ሽንሸና መንገዶቹን እስከ ወሰኑ አምጥቶ በመጨረሻዎቹ ቤቶች ጓሮ ዘግቷቸዋል፤ ሁለተኛውም ከማዶ እንዲሁ አድርጓል። ለየብቻ ሲታዩ ሁለቱም ፕላኖች ሥርዓት ያላቸው ናቸው፤ ችግሩ የሚታየው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው።

አንዲት እናት ከአጥሩ ማዶ ያለውን የትምህርት ቤት ጣሪያ አሳዩኝ። «ልጄ፣ ደወሉ እዚህ ድረስ ይሰማል፤ ልጆቹ ግን በአስፋልቱ ዞረው ነው የሚደርሱት» አሉኝ። «እማማ፣ ቀድሞስ በዚህ መተላለፊያ አልነበረም?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ ገበሬው ወደ ገበያ የሚወርድበት የእግር መንገድ በዚያው ያልፍ እንደነበር ነገሩኝ። ብለካው፣ ቀጥታው ርቀት ሁለት መቶ ሜትር የማይሞላ ሲሆን የሚኬደው ግን ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። በእግሩ ይደርስ የነበረ ሰው ባጃጅ ይይዛል፤ ባጃጁም ሁሉ በዚያው አንድ አስፋልት ላይ ይጨናነቃል።

ይህ የእኛ ከተማ ብቻ ጉዳይ አይደለም። የዓለምን የመንገድ መረብ በካርታና በሳተላይት መረጃ ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ እ.ኤ.አ. ከ1975 ወዲህ በብዙ አገሮች የተሠሩ አዳዲስ ሰፈሮች መንገዶቻቸው ይበልጥ የተቆራረጡና መውጫ የሌላቸው እየሆኑ መምጣታቸውን አሳይተዋል። በአሜሪካ ግን ይኸው አዝማሚያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ጣሪያ ከነካ በኋላ መቀልበስ ጀምሯል፤ ስለዚህ የማይመለስ ነገር አይደለም። ከባዱ ነገር አንዴ የተሠራውን ማረም ነው። ቤት ፈርሶ በሌላ ይተካል፤ የመንገድ መስመር ግን በሁለቱም ዳር የይዞታ ካርታ ከተሰጠና የውኃና የመብራት መስመር ከተዘረጋ በኋላ፣ እሱን ማንቀሳቀስ ካሳ፣ ምትክ ቦታና የብዙ ሰው ስምምነት ይጠይቃል።

በወሰኑ ላይ ገና ያልተገነባበት አንድ ቦታ በመገኘቱ፣ ባለይዞታው ምትክ ተሰጥቷቸው የእግረኛ መተላለፊያ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ሽንሸና ስሠራ፣ የጎረቤቱን ሰፈር መንገዶች በዚያው ወረቀት ላይ ሳልስል መስመር አላወጣም፤ ወሰን ላይ የሚደርስ መንገድም ለነገው ማስፋፊያ ክፍት ሆኖ እንዲቀር እከራከራለሁ። በዚያ ሰፈር ልጆቹ አሁን በመተላለፊያው ያልፋሉ፤ አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና ግን ዛሬም በአስፋልቱ ዞረው ነው የሚገቡት።