ስኮርታ የሌላት መኪና፦ ከአራት ኪሎ እስከ ለገሃር

ሐሙስ ማለዳ በአውቶቡስ ከሐዋሳ ተነስቼ እኩለ ቀን ላይ አዲስ አበባ ገባሁ። የመጣሁት መኪና ልረከብ ነው። ከቻይና የመጣች ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና ናት። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ከተማው በእነዚህ ተሞልቷል። ዕቅዴ ቅዳሜ ጠዋት እየነዳኋት ወደ ሐዋሳ መመለስ ነበር። መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ያረፍኩት አራት ኪሎ፣ አጎቴ ቤት ነው። አጎቴ ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው። በደርግ ጊዜ ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና ከነተሳቢው ይዘው አሰብ ተመላልሰዋል። መኪናዋን ግቢ ሳስገባት ቀለሟንም ስክሪኗንም አላዩም። ቀጥ ብለው ወደ ኋላዋ ሄዱና «ክፈተው» አሉኝ። የኋላ ኮፈኑን ከፈትኩ። ምንጣፉን ገለጥ አደረጉት። ሥሩ ስፖንጅ ውስጥ አንዲት ትንሽ ኮምፕሬሰርና አንድ ጠርሙስ ፈሳሽ ተቀምጠዋል።

«ስኮርታዋስ? ትርፍ ጎማዋ?»

«የላትም ጋሼ። አብሯት የሚመጣው ይኼ ነው።»

«ክሪክስ?»

«እሱም የለም።»

ምንጣፉን መልሰው እጃቸውን አራገፉ። ሌላ ቃል አልተናገሩም።

እኔ ሻጩን ጠይቄው ነበር። የነገረኝ ነገር ውሸት አይደለም። አንድ ጎማ ከነቸርኬው 20 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ቦታ ይይዛል። ባትሪው ራሱ ከባድ ስለሆነ ፋብሪካዎቹ ከሌላው ነገር ላይ የቻሉትን ያህል ይቀንሳሉ፤ መኪናዋ በቀለለች ቁጥር በአንድ ቻርጅ ትንሽ ራቅ ብላ ትሄዳለች። ሚስማር ቢወጋህ ፈሳሹን ትሞላለህ፣ በኮምፕሬሰሩ ትነፋለህ፣ እስከ ጎሚስታ ትደርሳለህ። ደግሞ ከተማ መሀል ምን ችግር አለ፣ ስልክ መደወል ነው። እኔም በዚሁ ተስማምቼ ነበር የከፈልኩት።

ዓርብ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ለገሃር አካባቢ የኢንሹራንስ ወረቀት ለመጨረስ ወጣን። አጎቴም አብረውኝ መጡ። ከአራት ኪሎ ወርደን በራስ መኰንን ድልድይ አድርገን ፒያሳ ገባን። ፒያሳ ከሁለት ዓመት በፊት የማውቃት ፒያሳ አይደለችም። መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ ዛፍ ተተክሏል። አጎቴ በመስኮት እያዩ «እዚህ ጥግ ጎሚስታ ነበር። እዚያም ነበር» ይላሉ። የሚጠቁሙት ቦታ ሁሉ አሁን ሣርና መብራት ነው። ያን ጊዜ ነገሩን እንደ ትዝታ ነው የሰማሁት።

ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ቸርችል ጎዳናን ይዘን ቁልቁል ወረድን። ይህን ቁልቁለት እወደዋለሁ። ከላይ ሆነህ ስታየው እስከ ለገሃር ድረስ ቀጥ ብሎ ይታያል። የቴዎድሮስ አደባባይን መድፍ አልፈን ትንሽ እንደሄድን ከኋላችን አምቡላንስ እየጮኸ መጣ። ወደ ጥቁር አንበሳ እየሄደ መሆን አለበት። መንገድ ልልቀቅለት ብዬ ወደ ቀኝ ተጠጋሁ። አበዛሁት። የፊት ቀኝ ጎማ የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ ገጨ። ጠርዙ ጥርብ ድንጋይ ነው፣ ማዕዘኑ ገና አልተበላም።

ድምፁ ትልቅ አልነበረም። ስክሪኑ ላይ ግን ቀይ ምልክት መጣ። 2.4 የነበረው የጎማው ነፋስ ቁጥር 1.9 ሆነ፣ ከዚያ 1.2። ዳር ይዤ አቆምኩ።

ወርጄ ፈሳሹን አወጣሁ። መመሪያው ላይ እንደተጻፈው ጠርሙሱን ከኮምፕሬሰሩ ጋር ገጥሜ አስነሳሁት። ከደቂቃ በኋላ ከጎማው ጎን ነጭ አረፋ እየተንፎለፎለ አስፋልቱ ላይ ይፈስ ጀመር። አጎቴ ጎንበስ ብለው አውራ ጣታቸውን ቁስሉ ላይ አሳረፉ። የጣት ጥፍር ያህል ርዝመት ያለው ስንጥቅ ነው። «ጎኑን ነው የቆረጠው። አጥፋው» አሉ።

ይህ ፈሳሽ የሚሠራው መሬት የሚረግጠው የጎማው ፊት ላይ ለሚወጋ ሚስማር ነው፤ ያውም ቀዳዳው ከጥቂት ሚሊ ሜትር ካልበለጠ። የጎማ ጎን ቀጭን ነው፣ ሲሽከረከር ይታጠፋል ይዘረጋል። እዚያ ላይ የተሰነጠቀን ነገር ፈሳሽ አይዘጋውም። መመሪያው ውስጥ ይህም ተጽፏል። ያነበብኩት ግን ቆሜ ከቀረሁ በኋላ ነው።

ትራፊክ ፖሊስ መጣ። ቦታው ማቆሚያ እንዳልሆነ ነገረኝ፤ ጎማውን ሲያይ «በሉ ቶሎ በሉ» ብሎ አለፈ። በቶሎ ምን ይደረጋል? ክሪክ የለኝ፣ መፍቻ የለኝ። በዚህ መሀል አንድ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ከፊታችን ቆመ። ሹፌሩ ወርዶ መጀመሪያ አጎቴን ሰላም አለ። «አባባ፣ ስኮርታ አውጡና ልቀይርላችሁ።» እንደሌለን ስነግረው ለአፍታ ዝም ብሎ አየኝና ወደ መኪናው ተመለሰ።

የላዳው የኋላ ኮፈን ውስጥ ያየሁትን አልረሳውም። ክሪክ በጆንያ ተጠቅልሎ፣ የጎማ መፍቻ፣ ሁለት የእንጨት ታኮ፣ ጥርሱ ያለቀ ግን የተነፋ ስኮርታ። ከእኔ መኪና በብዙ ዓመት የምትበልጥ መኪና መንገድ ላይ የሚያስፈልጋትን ሁሉ ይዛ ነው የምትዞረው።

አጎቴ ሥራውን ያዙ። ቁልቁለት ስለሆነ መጀመሪያ ታኮ። ከዚያ ዳዶዎቹን ጎማው መሬት እንደረገጠ ማላላት፤ ከተነሳ በኋላ ከሆነ ጎማው አብሮ ይዞራል፣ መኪናዋም ትነቃነቃለች። ሹፌሩ ክሪኩን መሀል ላይ ሊያስገባ ሲል ግን እኔ ጮህኩ። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ወለሉ ሥር ነው የተነጠፈው። ክሪክ የሚገባባቸው አራት ቦታዎች ከጫፍ በኩል ምልክት አላቸው፤ ከዚያ ውጭ ማንሳት ባትሪውን ሊጎዳው ይችላል። ይህን አጎቴም አያውቁም ነበር። ምልክቱን አሳየኋቸው፣ እዚያ ላይ አነሳናት።

ጎማው ወጣ። አሁን መኪናዋ ክሪክ ላይ ብቻ ልትቆም ነው፤ ቁልቁለት ላይ ይህ አደጋ ነው። ሹፌሩ ሳይጠየቅ የራሱን ስኮርታ አምጥቶ በጎኗ ሥር አስገባው። ክሪኩ ቢከዳ መኪናዋ እሱ ላይ እንድታርፍ ነው። አጎቴ መኪናዋ ዘንድ ቀሩ። እኔ ጎማዬን ላዳው ላይ ጭኜ ወደ ተክለ ሃይማኖት ሄድኩ። ሹፌሩ ክሪኩንም ስኮርታውንም ለማያውቃቸው ሽማግሌ ጥሎ ነው እኔን ያደረሰኝ።

ጎሚስታው ጎማውን ከቸርኬው አላቀቀ። ውስጡ የቀረው ፈሳሽ እጁ ላይ ተለቀለቀ። ስንጥቁን ወደ ብርሃን አዙሮ አሳየኝ። ከውስጥ የተበጠሱ ክሮች ይታያሉ። «ላስቲክ ለጥፌ ብር ልቀበልህ እችላለሁ። ግን መንገድ ላይ ትፈነዳብሃለች» አለኝ። ለዚህ ቃሉ አከብረዋለሁ።

ስኮርታ፣ ጎሚስታ፣ ቸርኬ፣ ክሪክ፣ ታኮ፣ ዳዶ። ያን ቀን በአፌ ያመላለስኳቸው ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ስኮርታ በእነሱ ቋንቋ ለችግር ጊዜ የሚቀመጥ ነገር ማለት ነው። ሕንዶች ደግሞ ትርፍ ጎማን ስቴፕኒ ይሉታል። ይህ የመንገድ ስም ነው። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ትርፍ ጎማ አልነበራቸውም፤ ጎማ ሲተነፍስ ሹፌሩ እመንገድ ዳር ተቀምጦ ይጠግን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1904 ዌልስ ውስጥ፣ ላኔሊ በምትባል ከተማ፣ ዴቪስ የሚባሉ ወንድማማቾች ተደርቦ የሚታሰር ትርፍ ጎማ ሠርተው መሸጥ ጀመሩ። ሱቃቸው ስቴፕኒ መንገድ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ እኔ ግን አዲስ መኪና ይዤ ከእነሱ በፊት ወደነበረው ጊዜ ተመልሼ ነበር።

ከተክለ ሃይማኖት ሶማሌ ተራ ቅርብ ነው። ሁለት ጎማና አንድ ቸርኬ ልገዛ ወሰንኩ፤ አንዱን ጎማ ለተቆረጠው ምትክ፣ ሌላውን ለስኮርታ። የመጀመሪያው ሱቅ ያሳየኝ ጎማ እንደ ተወለወለ ጫማ ያበራል። መጠኑም ከእኔ ጋር አንድ ነው። አጎቴን በስልክ አገኘኋቸው። «ማብራቱን ተወው። ጎኑ ላይ አራት ቁጥር ፈልግ፣ ክብ ውስጥ ያለ» አሉኝ። 1114 ይላል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2014 በ11ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። አንድም ቀን መንገድ ሳይነካ አርጅቷል። ላስቲክ ሱቅ ውስጥም ያረጃል፤ ብዙ ፋብሪካዎች ከ10 ዓመት በላይ አትጠቀሙበት ይላሉ።

ሁለተኛው ሱቅ ያለው አዲስ ነው፤ ግን ከመጠኑ ቀጥሎ የተጻፈው 91 ነው። የእኔ 96 ይላል። ይህ የሚሸከመው ክብደት መለኪያ ነው፤ 91 ማለት 615 ኪሎ፣ 96 ማለት 710 ኪሎ። ባትሪ ለተሸከመች መኪና ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። «ያው ነው፣ ይገባል» አለኝ ሻጩ። መግባቱ እውነት ነው። ሦስተኛው ሱቅ የምፈልገውን አገኘሁ። ለቸርኬው ደግሞ የዳዶው ቀዳዳ ቁጥር ብቻ አይበቃም፤ በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ርቀትና የመሀሉ ቀዳዳም መግጠም አለበት። የራሴን ቸርኬ ይዤ ስለነበር ጎን ለጎን አድርገን ለካነው። ዋጋውን አልጽፈውም፣ በየጊዜው ይለዋወጣል። የከፈልኩት ግን አልቆጨኝም።

ስመለስ አጎቴ መኪናዋ አጠገብ ቆመዋል። ጎማውን አሰርን፣ ዳዶዎቹንም በማሻገር አጠበቅን። ሹፌሩ የመንገዱን ሂሳብ ብቻ ነው የተቀበለኝ። ለክሪኩ ብዬ ስጨምርለት እጄን መለሰው። ኢንሹራንሱ ሊዘጋ ትንሽ ሲቀረው ደረስን።

ማታ አጎቴ የአሰቡን ነገር አነሱ። ሁለት ስኮርታ ይዘው ነበር የሚሄዱት። አንድ ጊዜ ሚሌን አልፈው ጎማ ፈነዳ፣ ቀየሩ። ሳይርቁ ሌላው ፈነዳ። ሁለተኛውን ስኮርታ ሲያወርዱት ነፋስ የለውም። ወሮች ተሸክመውት ሲመላለሱ ማንም ለክቶት አያውቅም። ከረዳታቸው ጋር አንድ ጀሪካን ውኃ እየተካፈሉ አንድ ቀን ተኩል በዚያ ሙቀት ተቀምጠዋል። «ከዚያ ወዲህ በየጉዞው ፊት እለካዋለሁ» አሉኝ። «በእጅ መታ መታ ማድረግ መለካት አይደለም።»

ከተማ ብቻ ለሚነዳ ሰው ፈሳሹ ይበቃዋል የሚሉ ጓደኞች አሉኝ፤ ከሐዋሳ ሆነው በስልክ ሲከራከሩኝ አመሹ። እኔ የቆምኩት ግን በረሃ ውስጥ አይደለም። ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በላይ፣ ሰው በሚተራመስበት ሰዓት ነው። ያውም አጎቴ ባይኖሩ፣ ያ ላዳ ባይቆም። ሞጆን አልፌ ከዝዋይ ወዲያ፣ ማታ፣ ልጆቼን ይዤ ቢሆንስ?

ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ዕቃ ጫንን። መኪናዋ ለስኮርታ የተሠራ ጉድጓድ የላትም፤ ስለዚህ ጎማው የኋላ ኮፈኑ ወለል ላይ ነው የሚተኛው። ልቅ አድርጎ መተው አይቻልም፤ ድንገት ፍሬን ሲያዝ 20 ኪሎ የሚመዝን ነገር ወደፊት ይወረወራል። በጭነት ማሰሪያ ከአራቱ መንጠቆዎች ጋር ወጥሬ አሰርኩት። አዲስ ክሪክና መፍቻ ጎኑ ሆነ። አጎቴ ነፋሱን ለኩ። ከዚያ ወደ ቤት ገብተው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወጡ። ዘይት የጠጣ፣ የጠቆረ የእንጨት ታኮ ነው፣ የኤንትሬዋ። ለዚህች መኪና ይተልቃል። ከሾፌሩ ወንበር ሥር አስቀመጥኩት።

ከዚያ በኋላ ለትልቁ ሻንጣ ቦታ አልተረፈም። በመንገዴ አውቶቡስ ተራ ጎራ ብዬ ወደ ሐዋሳ ጫንኩት።