ላንካስተር ውስጥ ያለች ትንሽ መካነ መቃብር

ዛሬ ከልጄ ጋር ፔንሲልቬንያ ውስጥ ወደምትገኘው ላንካስተር ሄደን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ኮንግረስ አባል የነበረውን የታዴየስ ስቲቨንስን መቃብር አየን። በከተማው መንገዶች መካከል ያለች ትንሽ ግቢ ናት። ልጄ ድንጋዩ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ በጣቷ እየተከተለች ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ሰውየው እዚህ ያረፈው ብቸኝነትን ወዶ አይደለም፤ ሌሎቹ መካነ መቃብሮች ሰውን በዘር ስለሚለዩ፣ ዕድሜውን ሙሉ የተሟገተለትን እኩልነት በሞቱም ሊያሳይ ፈልጎ ነው።

ስቲቨንስ ሲወለድ ጀምሮ እግሩ የተጣመመ፣ በድህነት ያደገ ጠበቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1821 ቻሪቲ በትለር የተባለች ጥቁር ሴት ነፃነቷን በፍርድ ቤት ስትጠይቅ፣ እሱ ለባሪያ ጌታው ጠበቃ ቆሞ ረታ። እናት ከነልጆቿ ወደ ባርነት ተመለሰች። ይህን ሳነብ ልቤ ደማ። በኋላ ግን ያው ሰው ከባርነት ላመለጡ ሰዎች ጥብቅና ይቆም ጀመር። በ1835 የፔንሲልቬንያ ምክር ቤት የነፃ ትምህርት ቤቶችን ሕግ ሊሽር ሲነሣ፣ በአንድ ንግግር ሕጉን አተረፈው። በኮንግረስ ደግሞ በአሜሪካ ምድር የሚወለዱ ልጆችን ዜጋ የሚያደርገውን 14ኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ከገፉት ዋነኞቹ አንዱ ነበር። ማሻሻያው በጁላይ 1868 ጸደቀ፤ እሱ በቀጣዩ ወር አረፈ።

ልጄ የተወለደችው እዚሁ አሜሪካ ነው። እኔና አባቷ ገና ዜግነት ሳናገኝ፣ እሷ ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ ዜጋ የሆነችው በዚያ ማሻሻያ ነው። ይህን ስነግራት ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ያመጣነውን አበባ ተቀብላኝ ድንጋዩ ሥር አስቀመጠችው።